የመኪና ቴፕ ልታስቀይሩ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ መኪና ባትሪ አውርተን ስንጨርስ ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። ብዙዎቹ የጠየቁት ግን ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ ቴፕ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ሙሉ ሰዓት የቴፕ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ዛሬ ደጋግሜ እላቸዋለሁ፤ ታገሱኝ። አንደኛ፣ ዳሽቦርድ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል። ሁለተኛ፣ ከመኪናው ጋር የመጣው ሶኬት አይቆረጥ።

ከሳሪስ የደወለ ወጣት፦ ከጃፓን የመጣ ቶዮታ ቪትዝ ገዛሁ። ሬዲዮው ከ90 አያልፍም። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም ወንድሜ። መኪናህ የተሠራው ለጃፓን ገበያ ነው። እዚያ ኤፍ ኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ እስከ 95 የሰፋው በኋላ ነው። የእኛ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ፋና 98.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ብትፈልግ ቴፑ እዚያ አይደርስም።

ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ኤክስፓንደር የሚባለው ትንሽ ሳጥን ነው። በአንቴናውና በቴፑ መሀል ይገባና ጣቢያዎቹን ወደ ታች ያወርዳቸዋል። በ18 የሚያወርድ ከሆነ 102.1 የነበረው 84.1 ላይ ይመጣል፤ 98.1 ደግሞ 80.1 ላይ። ርካሽ ነው። ግን ድምፁ ይሻክራል፤ ከ94 በታች ያሉ ጣቢያዎችም በእሱ በኩል አይመጡልህም። ሌላው መንገድ ቴፑን መቀየር ነው። ሬዲዮ የምትወድ ሰው ከሆንክ ይሄኛውን እመክርሃለሁ።

ስትቀይር የቶዮታው ሶኬት ላይ የሚሰካ አስማሚ ሶኬት ግዛ። አንዱ ባለ 10፣ አንዱ ባለ 6 እግር ነው። ሱማሌ ተራ ዞር ዞር ካልክ አታጣውም። ሶኬቱን ቆርጦ ሽቦ ከሽቦ ሊያገናኝልህ የሚነሳ ሰው ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። የተቆረጠ ሶኬት የሚቀጥለውን ባለሙያ ሁሉ ያስቸግራል። አሮጌውን ቴፕም አትጣለው። መኪናውን የምትሸጥ ቀን ሰክተህ ትመልሰዋለህ።

አዲሱ ቴፕ ሲገባ ግራና ቀኙ ላይ ክፍተት ቀረ። መጠኑ ተሳስቶ ነው?

አይደለም። የቶዮታ ቀዳዳ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብዙዎቹ በገበያ ላይ ያሉት ቴፖች ደግሞ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። የጎን መሙያ ፕላስቲክ አለው፤ ከቴፑ ጋር ጠይቁ። በካርቶን አትሙሉት፤ ቴፕ ይሞቃል።

መሪ ላይ ያሉት የድምፅ ቁልፎች ከአዲሱ ቴፕ ጋር ይሠሩልኛል?

ቴፑ የመሪ ቁልፍ መስመር ካለው ይሠሩልሻል። ሳትከፍዪ ጠይቂ። ግን እህቴ፣ መሪውን ማንም እንዳይፈታ። ውስጡ ኤርባግ አለ።

ከአያት የደወሉ አባት፦ ቴፕ ካስቀየርኩ ወዲህ መኪናዬ ጠዋት አልነሳ ይለኛል። ባትሪው ገና የስድስት ወር ነው። ልቀይረው?

አይቀይሩ አባቴ። አዲስ ባትሪ ቢገዙ እሱም በሳምንቱ እንዲሁ ይሆናል። መጀመሪያ ቴፑን ያስፈትሹ።

ቴፑ ጀርባ ላይ ሦስት ዋና ሽቦዎች አሉ። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያገኛል፤ ሰዓቱንና የመረጡትን ጣቢያ የሚያስታውስበት ነው። ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው። ቸኩሎ የገጠመ ሰው ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ካሰራቸው ቴፑ መኪናው እንደጠፋ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ እንደነቃ ያድራል። አንድ አምፒር ብቻ ቢስብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት 12 አምፒር ሰዓት ከባትሪው ወጣ ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ ደግሞ አዲስም ሆኖ ሁሉ ነገሩ 35 ወይም 45 ነው።

ባለሙያው መኪናውን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ትንሽ ጠብቆ በቴስተር ይለካልዎ። ከ0.05 አምፒር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሽቦዎቹን ይለያያቸው። ሲሠራም ነጌቲቩን ነቅሎ ይጀምር፤ እርስዎም አጠገቡ ቆመው ይዩ።

ከመርካቶ የደወለ የሚኒባስ ሹፌር፦ ድምፅ ስጨምር የቴፑ ፊውዝ ይቃጠላል። ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ጓደኛዬ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለህ ክተተው አለኝ። ለእሱ ሠርቶለታል። ችግር አለው?

አለው። በጣም አለው። እንኳን ከማድረግህ በፊት ደወልክ።

ይሄን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። ወረቀት የሚጠቀልል አለ። የመዳብ ሽቦ የሚያስር አለ። የ10 አምፒሩን ፊውዝ አውጥቶ የ30 የሚሰካ አለ። ሁሉም የሚለኝ አንድ ነው፦ «ሠራ እኮ!» አዎ፣ ይሠራል። ሙዚቃው ይቀጥላል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ተመልሶ አያየውም።

ፊውዝ፣ ቫልቮላ የምንለው፣ ከመስመሩ ሁሉ ደካማ ተደርጎ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ እንዲቀልጥ ነው። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ብትነካው አይነዝርህም፣ እውነት ነው። ግን ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር አምፒር መልቀቅ ይችላል። ያ ሁሉ በቴፕ ቀጭን ሽቦ ልሂድ ካለ ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ሽቦው ያለው ደግሞ ዳሽቦርድ ውስጥ፣ በፕላስቲክና በስፖንጅ መሀል ነው። አንተ የምታየው ጭሱን ነው፤ ጭሱን ስታይ እሳቱ ቀድሞሃል።

አንድ ቀን አንድ ሚኒባስ እየተጎተተ እኛ ጋ መጣ። ተሳፋሪ ሞልቶ ሲሄድ ከቴፑ ሥር ጭስ ወጣ። ሹፌሩ ደንግጦ ቁልፉን አጠፋ። ጭሱ አልቆመም። ለምን? ቢጫው ሽቦ በቁልፍ አይጠፋማ! ከባትሪው በቀጥታ ነው የሚመጣው። ሰው በበሩም በመስኮቱም ወረደ። አንድ ልጅ እግሩ ቆሰለ። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ ነው የባትሪውን ነጌቲቭ በፒንሳ ፈትቶ የነቀለው። ከዚያ በኋላ ነው እሳቱን በማጥፊያ ያቆሙት። ዳሽቦርዱን ስንከፍተው የቴፑ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልጦ ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር ተጣብቋል። ፊውዙ የሚሰካበት ቦታ ላይ ያገኘነው ምን ይመስልሃል? የሲጋራ ወረቀት። ያንን የጠቀለለው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ እንዳይቆምበት ነው።

ያንተ ፊውዝ ሦስት ጊዜ ሲቃጠል ሦስት ጊዜ ነግሮሃል። ስማው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ እስፒከር ጨምረሃል? ድምፅ ስትጨምር ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። የቴፑ አንድ መስመር የሚችለው አንድ ባለ 4 ኦም እስፒከር ነው። ሁለት ጎን ለጎን ስታስርበት 2 ኦም ይሆናል፤ ኦም ሲያንስ ኮረንቲ ይበዛልና ቴፑ ከአቅሙ በላይ ይስባል። ካልጨመርክ ደግሞ ወደ በሩ የሚሄደው የእስፒከር ሽቦ ተልጦ ላሜራ ይነካ ይሆናል። እስፒከሮቹን አንድ በአንድ እያስነቀልክ ፈትን።

ፊውዝ ስትቀይር የወጣው ላይ ያለውን ቁጥር አይተህ ያንኑ ክተት። 10 ቀይ ነው፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። ቀይ ወጥቶ አረንጓዴ አይገባም። ፊውዝ ውድ ነገር አይደለም፤ አምስት ስድስት ገዝተህ ኪስህ ያዝ። ዛሬ ስትመለስ ደግሞ ጓደኛህን ፈልገው። ወረቀቱን ያውጣ። ነገ አትበለው።

አምፕሊፋየር፣ ማለትም ለብቻው የሚገጠም ድምፅ ማጉያ፣ ያላችሁም ስሙኝ። ከባትሪው በቀጥታ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የራሱ ፊውዝ ያስፈልገዋል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይራቅ። ኋላ ኮፈን ውስጥ አምፕሊፋየሩ ጋ ያለው ፊውዝ አምፕሊፋየሩን እንጂ ሽቦውን አይጠብቅም። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍም ጎማ ይደረግለት። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቅና ይራቆታል። በሊድ ይበየድ ወይም በማያያዣ ይታሰር።

ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ይላል። 200 ዋት ነው ማለት ነው?

አይደለም። የራሱን ፊውዝ እዩት። 10 አምፒር ከሆነ፣ በ14 ቮልት ብታባዙት ከመኪናው የሚወስደው ራሱ 140 ዋት ነው። ከወሰደው በላይ ሊሰጥ አይችልም። በእውነት የምታገኙት በአንድ እስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ነው፤ ለመኪና ይበቃል።

አዲሱ ትልቅ እስክሪን መኪና ሲሄድ ቪዲዮ አያሳይም። ገጣሚው «አንዷን ሽቦ ማሳ ላድርጋት፣ ይከፍታል» አለኝ። ላሠራው?

አታሠራው ልጄ። ያቺ ሽቦ ከእጅ ፍሬኑ ጋር የምትገናኘው መኪናው ሲቆም ብቻ ቪዲዮ እንዲከፍት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናህ በሁለት ሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሁለት ሰከንድ ማለት አንድ ጊዜ እስክሪኑን አይቶ ቀና ማለት ነው። በዚያ 30 ሜትር ውስጥ ሕፃን ይሻገራል። እጅ ፍሬኑ ላይ በትክክል ያገናኝልህ። የኋላ ካሜራው የኋላ ማርሽ ስታስገባ በራሱ መስመር ይከፈታል፤ በዚያ አታስብ።

ከአዳማ የደወለ የአይሱዙ ሹፌር፦ የእኔ 24 ቮልት ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ ወስደው ቴፕ ገጠሙልኝ። ይሠራል።

ይሠራል፣ ግን ባትሪዎችህን እየገደለ ነው። አንደኛው ሁልጊዜ ይራባል። ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን እኩል አድርጎ ስለሚሞላ ያኛው ከልክ በላይ ይሞላል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር አስገጥም፣ ቢያንስ 10 አምፒር የሚችል። ሲገጠም ነጌቲቩ ይነቀል፣ ፊውዝም ይደረግለት።

የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። እስክሪኑን በሌላ መቀየር ይቻላል?

አትንኩት። በብዙዎቹ እስክሪኑ ቴፕ ብቻ አይደለም፤ ኤሲውም የመኪናው ማስተካከያም በእሱ ነው። ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። እሱ 12 ቮልት አይደለም፤ ሰው ይገድላል። የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይሂድ።

ዩቲዩብ እያየሁ ቴፑን ራሴ ቀየርኩ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን የኤርባግ መብራት በርቶ አልጠፋ አለኝ። ቢጫ ሶኬት ነቅዬ መልሼ ነበር። ምን ላድርግ?

ነጌቲቩን ነቅለህ ነበር? ከነቀልክስ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠበቅክ? ኤርባጉ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል። በብዙ መኪኖች ቢጫ ሶኬት የኤርባግ መስመር ነው። መብራቱ እንደበራ ከሆነ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። ከዚህ በኋላ ካቻቪቴ አታንሳ። በቴስተርም አትለካው፤ ሲለካ የፈነዳ አለ። የኤርባግ ኮድ የሚያነብ ማሽን ያለው ጋራዥ ነገ ጠዋት ውሰደው። እስከዚያ ቤተሰብ አትጫንበት።