ጥርት ያለ ፎቶግራፍ፦ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር እስከ ኮምፒውተሩ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ፎቶግራፍ የሚያነሱ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አለ፤ ፎቶዬን ጥርት የሚያደርግልኝ ፕሮግራም የትኛው ነው ይሉኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚመጣው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ ቁጥር እየጠነከረ የመጣ አንድ እምነት አለኝ፤ የፎቶው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ተከፍቶ እስኪዘጋ ባለችው ቅጽበት ነው። ኮምፒውተሩ የተመዘገበውን ዝርዝር ያጎላል እንጂ ያልተመዘገበውን ከየትም አያመጣም።

ነገሩን በደፈናው ከማወራ በአንድ ቦታና በአንድ ቀን ላይ ተመሥርቼ ባስረዳ ይሻላል፤ የመረጥሁትም ጎንደርን፣ የጥምቀትን ዕለት ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ወርደው ያድራሉ፣ ሌሊቱን ማኅሌቱና ቅዳሴው ይቀጥላል፣ ጥር 11 ቀን ማለዳ ውሃው ይባረካል፣ ወጣቶቹም ከዳር እየዘለሉ ይገባሉ። ፎቶግራፍን የሚፈትነው ነገር ሁሉ በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሰበሰባል፤ የሻማ ብርሃን፣ ነጭ ልብስ፣ በነጠላ ጥላ ሥር ያለ ጠይም ፊት፣ የሚዘል ሰው፣ የሚረጭ ውሃ፣ ከጎን የሚገፋ ሕዝብ።

ብዥታ ከሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ይመጣል፤ አንዱ የፎቶ አንሺው እጅ ነው፣ ሌላው የሚነሳው ሰው ነው። ለእጅ የፊልም ዘመን ባለሙያዎች የተዉልን መለኪያ አለ፤ ሌንሱ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ አይዘግይ ይላል። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ አነስ ያለና የሌንሱ ቁጥር የሚባዛበት ማባዣው 1.5 የሆነ ካሜራ ከያዛችሁ ቁጥሩ ወደ 1/300 ይወጣል። ይህ መለኪያ የተበጀው ግን መጠነኛ ህትመት ለሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ 24 ወይም 45 ሜጋፒክሰል ያለውን ምስል በስክሪን ላይ ሙሉ በሙሉ አጉልተን ስለምናይ፣ እኔ ቁጥሩን እጥፍ አድርጌ እሠራለሁ። በሌንሱ ወይም በካሜራው ውስጥ ያለው የንቅናቄ መከላከያ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ ጸናጽል የሚያወዛውዘውን ዲያቆን ግን ሊያቆመው አይችልም። ብዙ ሰው በዚህ መከላከያ ተማምኖ በ1/30 ሰከንድ ካነሳ በኋላ፣ ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰዎቹ ሁሉ ሲደበዝዙበት ሌንሱን ይወቅሳል።

ስለሚዘለው ወጣት ስሌት እንሥራ። ከአንድ ሜትር ከሩብ ከፍታ የሚወድቅ ሰው ውሃው ላይ ሲደርስ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይፈጥናል። ሹተሩ ለ1/250 ሰከንድ ከተከፈተ በዚያች ቅጽበት ሰውየው 2 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው፤ ይህም ዓይንንና ቅንድብን ለማደባለቅ ይበቃል። በ1/1000 ሰከንድ ጉዞው ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በ1/2000 ደግሞ ወደ ሩብ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ብቅ ስትል ካሜራዬን በ1/2000 ሰከንድ፣ በኤፍ 5.6 (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ፣ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) አዘጋጅቼ፣ አይ ኤስ ኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ወደ 800 ወይም 1600 እንዲወጣ እፈቅድለታለሁ።

አይ ኤስ ኦ ሲነሳ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነውን ኖይዝ ይፈራሉ። በሌሊቱ ማኅሌት፣ ለሻማው በቀረበ ፊት ላይ፣ በኤፍ 1.8 እና በ1/125 ሰከንድ ለመሥራት አይ ኤስ ኦው 3200 ብሎም 6400 መድረሱ አይቀርም። እኔ ያለምንም ማመንታት እደርስበታለሁ። ኖይዝ ያለበት ፎቶ የዓይኑ ቅርጽና የጥምጣሙ እጥፋት በቦታቸው አሉ፤ ኖይዙን በኋላ መቀነስ ይቻላል። በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፎቶ ግን ዝርዝሩ ራሱ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ምርጫዬ ምንጊዜም ኖይዙ ነው፤ ይህን ለማንም ተማሪ ከሁሉ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ከፍጥነቱ ቀጥሎ የሚመጣው ፎከስ ነው። ሙሉ መጠን (የፊልም ክፈፍ ያህል ስፋት ያለው) ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ከፍታችሁ ሁለት ሜትር ላይ ያለን ሰው ብታነሱ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ እንኳ አያደርስም። በዚህ ጠባብ ስፍራ ላይ ካሜራው በራሱ ምርጫ ፎከስ ከያዘ፣ ከፊት ለፊት ያለውን የሻማ ነበልባል ወይም የነጠላውን ጥለት ይይዝና የሰውየውን ዓይን ይተወዋል። አዲሶቹ ካሜራዎች ዓይንን ለይተው ይከታተላሉ፤ ይህ አገልግሎት ያለው ሰው ይጠቀምበት። የሌለው ደግሞ አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ፣ ብርሃን የነካውን የዓይን ጠርዝ ላይ ያሳርፈው፤ ካሜራው ፎከስ የሚያገኘው ብርሃንና ጥላ ከሚለያዩበት መስመር ላይ ነውና። ለሚንቀሳቀስ ሰው፣ ካኖን ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ኤ ኤፍ ሲ የሚሉትን ተከታታይ ፎከስ መምረጥ ያስፈልጋል። ፎከስ ይዞ ካሜራውን ወደ ጎን በማዞር ክፈፉን ማስተካከል በሰፊ አፐርቸር ላይ አይመከርም፤ ካሜራው ሲዞር ጥርት የሚለው ስፍራም አብሮ ይዞርና ከዓይኑ ላይ ይነሳል።

ስለ አፐርቸር ባጭሩ ልናገር። አብዛኛው ሌንስ እስከ ዳር ከተከፈተበት ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ሲጠብ የተሻለ ይሠራል፤ ኤፍ 5.6 እና ኤፍ 8 የሚመሰገኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አብዝቶ ማጥበብ መልሶ ይጎዳል፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናልና። በኤፍ 16 አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ 21 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) ያህል ስፋት ይኖራታል፤ 24 ሜጋፒክሰል ያለው ሙሉ መጠን ሴንሰር ላይ ያለ አንድ ፒክሰል ግን ስፋቱ 6 ማይክሮን ገደማ ነው። አንዷ ነጥብ ከሦስት ፒክሰል በላይ ትሸፍናለች ማለት ነው። የግቢውን ግንብና ግድግዳውን የጨበጡትን የዛፍ ሥሮች ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ለማድረግ ብላችሁ ወደ ኤፍ 22 አትውረዱ።

በእኛ በዓላት ላይ ብዙም ሲነገር የማልሰማው ነገር ደግሞ አለ፤ የተጋላጭነት መጠን፣ ማለትም ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን ልክ፣ ራሱ ጥራትን ይወስናል። ነጭ ነጠላ ላይ ብርሃኑ ከልክ ካለፈ የድርና የማጉ ዝርዝር ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ማስተካከያ ክሩን አይመልሰውም። በአንጻሩ ነጩን ለማዳን ተብሎ ፎቶው ከልክ በላይ ከጨለመ፣ በነጠላው ጥላ ሥር ያለው ጠይም ፊት በኋላ በኮምፒውተር ሲነሳ በኖይዝ ይሞላል፤ ያን ኖይዝ ለማጥፋት ስንጥር ደግሞ የቆዳውን ተፈጥሯዊ ገጽ ደምስሰን ፊቱን ሰም እናስመስለዋለን። ብዙ ሰው ሌንሴ ደካማ ነው የሚለው በእውነቱ ይህ ሲደርስበት ነው። እኔ ከልክ ያለፈውን ነጭ በብልጭታ የሚያመለክተውን ማስጠንቀቂያ ከፍቼ፣ ልብሱ ላይ ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ እቀንሳለሁ፤ ከዚያ በታች አልወርድም። የማነሳውም በሮው ነው፣ ሴንሰሩ የመዘገበውን እንዳለ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፤ ጄፔግ ካሜራው በራሱ ፍርድ ጠርዞቹን አሹሎና ጨምቆ የሚያስረክበን ፋይል ስለሆነ በኋላ የሚቀረን ነጻነት ጥቂት ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንሻገር። ፕሮግራሞች ፎቶን የሚያሾሉበት መሠረታዊ ዘዴ ፊልም ይታጠብበት ከነበረው የጨለማ ክፍል ሥራ የተወረሰ ነው፤ ያኔ ባለሙያው የኔጋቲቩን ብዥ ያለ ቅጂ ሠርቶ ከዋናው ጋር ደርቦ ያትም ነበር፤ ውጤቱም የጠርዞች ንጽጽር መጉላት ነው። ዛሬም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከጠርዙ በአንዱ ወገን ያለው ይበልጥ ይነጣል፣ በሌላው ወገን ያለው ይበልጥ ይጠቁራል፣ ዓይናችንም ይህን እንደ ጥራት ይቀበለዋል። ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ለሮው ፋይል ሲከፈት አማውንት (የማሾሉ መጠን) 40፣ ራዲየስ (ከጠርዙ ዙሪያ የሚነካው ስፋት) 1፣ ዲቴይል (ጥቃቅን ዝርዝሩ የሚጎላበት ልክ) 25፣ ማስኪንግ (ማሾሉ ለስላሳውን ቦታ እንዳይነካ የሚከለክለው) 0 ሆኖ ይጠብቃችኋል። አብዛኛው ሰው አማውንቱን ብቻ ይገፋል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቅበት ማስኪንጉ ነው፤ ኦልት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ስታንቀሳቅሱት የሚሾለው ክፍል በነጭ፣ የማይነካው በጥቁር ይታያል። ሰማዩና ጉንጩ ጥቁር እስኪሆኑ፣ የመስቀሉ ፍልፍልና የጃንጥላው የወርቅ ክር ነጭ ሆነው እስኪቀሩ ድረስ እገፋዋለሁ። ማሾሉ ከልክ ካለፈ በካህኑ ነጭ ጥምጣምና በሰማዩ መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር ይወጣል፤ ያ መስመር ከታየ ራዲየሱን መቀነስ ይገባል። ኖይዝ የሚቀነሰውም ከማሾሉ በፊት ነው፤ አለበለዚያ ኖይዙንም አብረን እናሾለዋለን።

የማስተካከያ ወሰን የት ድረስ እንደሆነ ከሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ሐብል በ1990 እ.ኤ.አ. ሲመጠቅ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወቱ ጠርዙ ላይ ከሚገባው በላይ በ2.2 ማይክሮን ገደማ ጠፍጣፋ ሆኖ በመሠራቱ ምስሎቹ ደበዘዙ። ሳይንቲስቶቹ፣ ሪቻርድሰን በ1972፣ ሉሲ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የስሌት ዘዴ ምስሎቹን ያስተካክሉ ነበር፤ ዘዴው የረዳቸው የብዥታውን ቅርጽ በትክክል ስላወቁት ነው። እንዲያም ሆኖ በታኅሣሥ 1993 እ.ኤ.አ. ጠፈርተኞች ተልከው የማረሚያ መስታወቶች እስኪገጠሙለት ድረስ በስሌት ብቻ አልረኩም። ያ ሁሉ እውቀት ያላቸው ሰዎች ችግሩን ከምንጩ ለማረም ጠፈር ድረስ ከወጡ፣ እኛ የሹተር ፍጥነት መቀየሪያዋን ማዞር ሊከብደን አይገባም።

በቅርብ ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ማስተካከያዎች መጥተዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ላይትሩም ላይ የተጨመረው የኖይዝ መቀነሻ ለሌሊቱ ማኅሌት ፎቶዎች እጅግ ጠቅሞኛል፤ በልክ ሲሆን አመሰግነዋለሁ። የደበዘዘ ፊትን እንደ አዲስ የሚሠሩትን መሣሪያዎች ግን ሰው ፊት ላይ አልጠቀምባቸውም። መሣሪያው የሚጨምረው ሽፋሽፍትና መስመር ከብዙ ሌሎች ፊቶች ከተማረው የተገመተ ነው፤ የዚያች እናት ፊት ግን የእርሷ ብቻ ነው፣ ልጆቿም ለዓመታት የሚያዩት ፎቶ እርሷን እንጂ እርሷን የምትመስል ሌላ ሴት ማሳየት የለበትም። ፎቶው ትንሽ ከደበዘዘ በትንሽ መጠን ማተም ይሻላል፤ በፖስታ ካርድ መጠን ብዙው ብዥታ ለዓይን አይታይም።

ብዥታ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነም መናገር እፈልጋለሁ። ከበሮ የሚመታን ሰው በ1/60 ሰከንድ አንስታችሁ ፊቱ ጥርት ብሎ እጁ ብቻ ቢደበዝዝ፣ ምቱ ራሱ ይታያል። የምንፈልገው ብዥታው በእኛ ፈቃድ እንዲመጣ ነው።

የመጨረሻው ማሾል የሚሠራው ፎቶው ለመድረሻው ከተመጠነ በኋላ ነው። 24 ሜጋፒክሰል ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል በሆነ ጥግግት 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ለማተም ይበቃል፤ ወረቀቱ የማያንጸባርቅ ከሆነ ቀለሙ ትንሽ ስለሚሰራጭ ማሾሉን ጠንከር አድርጉት። በቴሌግራም ለቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው አሳንሶና ጨምቆ ስለሚያደርሰው፣ የለፋችሁበት የጥለት ክር ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።