የድሮዎቹ ቸርኬዎች

ዛሬ ሙዚቃ የለም። ቀጥታ ገብቻለሁ። ማይኩን የከፈትኩት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው።

አዎ፣ ስለ እሜቴ ነው፣ ስለ ቮልሴ። ይቅርታ። ባለፈው «ስለ መኪናዋ የመጨረሻው ክፍል» ብዬ ነበር። ስንተኛ የመጨረሻዬ እንደሆነ የምትቆጥሩ አላችሁ። አንዷ እንደውም ጽፋልኛለች፤ 6ኛ ነው ብላ። ይኸው 7ኛው።

አዲሶቹ ቸርኬዎች፣ ጎማው የሚገጠምባቸው ብረቶች፣ ገብተዋል። ባለ 17 ኢንች። ፎቶውን አይታችኋል። ታምራለች፣ አይደል? አቁሜያት ስሄድ አሁንም ዞሬ አያታለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቸርኬው አይደለም። አባባ ኋላ ወንበር ገብተው የሆነው ነገር ነው።

ቆይ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን ልንገራችሁ። ሳይለካ ነው የገጠመው እንዳትሉኝ።

ትልቅ ቸርኬ ሲባል ሰው ጎማውም አብሮ የሚተልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ያጥራል፣ ጠቅላላ ቁመቱ ባለበት ይቆያል። ቢያንስ እንደዛ መሆን አለበት። የድሮው ጎማዬ 165/80 ባለ 15 ነበር፣ ማለትም ስፋቱ 165 ሚሊሜትር፣ ጎኑ የስፋቱ 80 በመቶ፤ ቁመቱ 645 ሚሊሜትር። አዲሱ 205/50 ባለ 17 ነው፤ 637። ልዩነቱ 8 ሚሊሜትር ብቻ። የተቀነሰው ከጎኑ ነው። 132 የነበረው 102 ተኩል ሆነ። ስለዚህ ጉድጓድ ስገባ የሚያለዝብልኝ ጎማ የለም። ወገቤ አሁን ጠጠሩን ሁሉ በስሙ ያውቀዋል።

ኢንጂነሩ፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ «205/40 ግዛ» ብሎኝ ነበር። እሱ 596 ነው። ያንን ባደርግ ፍጥነት መለኪያዋ ይዋሻል። 100 ስትል በእውነቱ 92 ላይ ነኝ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ቮልስ ላይ የመለኪያው ገመድ ከየት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ? ከግራው የፊት ጎማ። በጎማው መሀል አልፎ ጫፉ በቆቡ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ አንዲት ቀጭን መቆለፊያ ሽቦ አለች። ጎማው ሲዞር ገመዱን ያዞረዋል፣ በቃ። መጀመሪያ ቆቡን የፈታሁ ቀን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሳያት ነበር። ይቺ ነች እንዴ የምትነግረኝ? ብዬ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ቡሎኑ። እሜቴ የ1965 ስሪት ናት። ባለ 5 ቡሎን፣ የቡሎኖቹ ክብ 205 ሚሊሜትር። እኔ የወደድኩት ቸርኬ በዚያ ልክ የለም። ስለዚህ መሀል ላይ አዳፕተር ገባ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ብረት፣ 25 ሚሊሜትር ውፍረት። ያ ማለት ጎማው 25 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጣ። ስጋቴ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር፤ የፓራፋንጎው፣ የጭቃ መከላከያው፣ ጠርዝ ጎማውን እንዳይቆርጠው። የልጆች መጫወቻ ለስላሳ ሸክላ ጠርዙ ላይ ለጥፌ በክሪክ አነሳሁ፣ አወረድኩ። የፊቱንም መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ። ሸክላው አልተነካም። አንድ ጣት አለፈ። (ይስቃል) አዎ፣ አንድ ጣት። ዓለም አቀፍ መለኪያዬ።

የውስጡን ግን አላየሁም።

የእሷ የኋላ አክስል የሚታጠፈው መሀል ላይ ነው። መኪናዋ ዝቅ ባለች ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ሰው ሲጫን ደግሞ ይብሳል። ፓራፋንጎው ከቦዲው ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች ደግሞ ጭንቅላታቸው ወደ ጎማው ነው የሚያየው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። እዚሁ ፖድካስት ላይ ተናግሬዋለሁ! ግን የለካሁት ባዶ መኪና ነው። ሰው የሚሳፈርባትን መኪና፣ ባዶዋን።

አባባ ፊት አይቀመጡም። መኪናዋን ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ። «ፊት ስሆን እግሬ ፍሬን ይፈልጋል» ነው የሚሉት። ስለዚህ እሳቸውና ሁለቱ አክስቶቼ ኋላ ገቡ። ወደ ኋላ አድርጌ ወጣሁ። አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ጭርርር።

ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው። ቆምኩ። አክስቶቼ ዝም። አባባ ወረዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ እጃቸውን ከጎማው በላይ አስገቡ። ሲያወጡት ጣታቸው ላይ ጥቁር ብናኝ ነበር፤ እንደ እርሳስ ብናኝ። በሁለት ጣታቸው አሹት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ኖሮ... ብቻ አልተቆጡም።

«የድሮዎቹስ የት አሉ?» አሉኝ።

እና እኔ... ግማሽ ሰከንድ አይሆንም። «ዕቃ ቤት ናቸው አባባ» አልኩ።

የሉም። ሸጫቸዋለሁ። ተጠባባቂውን ጨምሮ አምስቱንም፣ ከነክዳናቸው። ያገኘሁት ገንዘብ አዳፕተሩን እንኳ አልሸፈነም። ጎሚስታው እየገለበጠ ሲያያቸው ከጀርባቸው በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸው ነበር። ከ1 እስከ 5። የአባባ እጅ ነው። ጎማ ሲያዘዋውሩ ተራው እንዳይጠፋባቸው። 2ቱ ላይ ጅራቱ ረዝሞ ቀለሙ ወርዷል። አይቼዋለሁ። አይቼው «አይ አባባ» ብዬ ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ብሩን ቆጠርኩ።

ለምን ዋሸሁ? ብሸጥም ምንም አይሉኝም ነበር እኮ። ወይም ይሉኝ ነበር። እኔ እንጃ። «ሰጥቼሃለሁ፣ ያንተ ናት» ብለውኛል፣ ብዙ ጊዜ። ግን ያንተ ናት የተባለ ነገር... ተዉት፣ ይሄን አልችለውም ዛሬ።

ራሳቸውን ነቀነቁና «ጥሩ» አሉ። «ቅዳሜ መጥቼ እቀባቸዋለሁ። ዝገት ጀምሯቸው ነበር።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጎማው ይስተካከላል። እሱ ቀላል ነው። ኋላዋን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ቶርሽን ባሩ፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሸከማት ብረት፣ ከውስጥ 40 ጥርስ ነው፣ ከውጭ 44። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደዚህ፣ ውጭውን አንድ ጥርስ ወደዚያ ካዞርኩት ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። እንዲህ የምታስተካክልበት መኪና ዛሬ የት ይገኛል? የሚያምር ሥራ ነው። ወይም ጎማውን ወደ 195 አወርዳለሁ፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ ይተነፍሳል። ወይም ሁለቱንም። ይሄን እስከ ንጋት ላወራችሁ እችላለሁ።

ጎሚስታው ጋ ደውዬ ነበር ማታ። አራቱ ሄደዋል አለ። አንዱ አለ። ቁጥሩ ስንት ነው ስለው ሳቀብኝ፤ «የምን ቁጥር?»

አንዱን ገዝቼ ዕቃ ቤት ባስቀምጠውስ? ሌሎቹ... አይ፣ ይሄማ ልጅነት ነው። ወይስ ነግሬያቸው አብረን ያንን አንዱን... አንድ ቸርኬ ለመቀባት ነው እንዴ የሚመጡት?

እስቲ ጠዋት ልደውልለት። ባለ 195 ካለውም እግረ መንገዴን እጠይቀዋለሁ።