አንድ ባለ አበባ ሸሚዝ ከደሴ ቢሮ እስከ ሐይቅ ዳር

ትርሲት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ወሬያችን ስለ አንድ ልብስ ብቻ ነው። አበባ ወይም ቅጠል ስለታተመበት የሴት ሸሚዝ። ሰዓዳዬ፣ ይዘሽ መጥተሻል አይደል?

ሰዓዳ፦ ይኸው። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ትንንሽ ነጭ ቅጠል አለበት፣ እዚህም እዚያም የእርድ ቀለም ጣል ጣል ተደርጎበታል። ከላይ እስከ ታች በቁልፍ ነው፣ እጅጌው ክርን ያልፋል፣ ግራና ቀኝ ጎኑ ከታች ክፍት ነው።

ትርሲት፦ ጎኑን ወድጄዋለሁ። ሲለቀቅ ዳሌ ላይ አይያዝም።

ሰዓዳ፦ ልክ ነሽ። ለእኔ ግን ከሁሉም በፊት መደቡ ነው። ገበያ ስንወጣ ዓይናችን አበባው ላይ ያርፋል። ቤት ስንገባ ከምን ጋር እንደምንለብሰው ግራ ይገባናል። መደቡ ካሉሽ ሱሪዎችና ጉርዶች ጋር ከሄደ፣ ስለ አበባው አትጨነቂ።

ትርሲት፦ መጠኑስ? ትልልቅ አበባ ለቢሮ አይከብድም?

ሰዓዳ፦ ይከብዳል ባይ ነኝ። ጥቃቅኑ ራቅ ብለሽ ስታዪው አንድ ወጥ ቀለም ይመስላል። ጥቁር ሱሪ፣ ከላይ ኮት፣ አለቀ። ትልልቁ ላይ ኮት ሲደረብ አበባው መሀል ላይ ይቆረጣል፣ አያምርም።

ትርሲት፦ ኮት ካነሳሽ አይቀር፣ እዚህ ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ እህቶቻችን አሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በብርድ ተሳፍረሽ በሙቀት ነው የምትወርጂው።

ሰዓዳ፦ ለዚህ እኮ ነው ጨርቁን እዩ የምለው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፣ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ጀርባሽ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ወይም ቪስኮስ የሚባለው፣ ከእንጨት ጭረት የሚሠራው ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል። ቪስኮስ ግን የፈላ ውሃ ካገኘው ያጥራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ሳይጠመዘዝ ይታጠብ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ስትገዢ ጫፉን በጡጫሽ ጨምቀሽ ልቀቂው። ተጨማዶ ከቀረ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠሽ ስትነሺም እንደዚያው ነው።

ትርሲት፦ ሂጃቡንስ እንዴት ነው የምታዋህጂው?

ሰዓዳ፦ ሂጃቡ አንድ ወጥ ይሁን፣ ቀለሙን ከሸሚዙ ላይ ውሰጂ። ብዙዎች የመደቡን ነው የሚመርጡት። እኔ በጣም ትንሹን ቀለም ነው የምወስደው። ይሄንን በእርድ ቀለም ሂጃብ አድርጊው፣ ወላሂ ፊት ያበራል!

ትርሲት፦ እኔ ነጠላ ስደርብበት ጥለቱ ጠባብ የሆነውን ነው። ሰፊ ጥለትና አበባ አይስማሙም።

ሰዓዳ፦ ቅዳሜስ? ሐይቅ እንሂድ ብልሽ?

ትርሲት፦ ይሄንኑ ነዋ! ከጂንስ ጋር፣ ወደ ውጭ ለቅቄ፣ እጅጌውን ጠቅልዬ፣ በሸራ ጫማ። ሰፋ ያለ ጉርድ ከሆነ ፊት ለፊቱን ብቻ ሸጎጥ አደርገዋለሁ። ሐብል አልጨምርበትም፣ ሸሚዙ ራሱ ጌጥ ነው።

ሰዓዳ፦ እኔ ነጭ ረጅም ቀሚስ ላይ ቁልፉን ከፍቼ እደርበዋለሁ። ቁርጥ ጃኬት ነው የሚመስለው።

ትርሲት፦ ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጥሩ ነገር ይገኛል፣ ልኩ ግን አስቸጋሪ ነው።

ሰዓዳ፦ ወገቡ ከሰፋ ግድ የለም፣ ልብስ ሰፊ ቶሎ ያጠበዋል። ትከሻው ከወረደ ግን ተይው። እጅጌው ተፈትቶ እንደገና መሰፋት አለበት፣ ሸሚዙን ከገዛሽበት በላይ ልትከፍዪ ትችያለሽ። እና መጀመሪያ ትከሻውን ለኪ፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቂ።