በግድ የተሰበሰበው የዌልስ አሥራት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ እኛ ልጅ ስለምናሳድግበት ስለዚህ ስለ ዌልስ ምድር ገበሬ ነው።

አሥራት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚሰጠው ስጦታ ነው። አያቶቻችን ግን አሥራትን በግብርነቱም ያውቁታል፤ እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ከምርታቸው ለመንግሥት ይገብሩት ነበር። የዌልስ ገበሬ ጩኸት ለጆሯችን እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1836 በወጣ ሕግ ነዶውና ጠቦቱ ቀርቶ አሥራቱ በገንዘብ እንዲከፈል ተደረገ። መጠኑ የሚተመነው ባለፉት ሰባት ዓመታት በነበረው የስንዴ፣ የገብስና የአጃ አማካይ ዋጋ ነው። የሰሜን ዌልስ ገበሬ ግን በአብዛኛው ኑሮው ከብትና በግ ነው። በ1880ዎቹ ገበያው ሲወድቅበት አሥራቱ አብሮ አልወረደለትም።

ገንዘቡስ ለማን ነው? ያኔ በዌልስም የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ለነበረችው ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን! አንዳንድ ቦታ ደግሞ ለኦክስፎርድ ኮሌጅ። ገበሬው ሜቶዲስት ወይም ባፕቲስት ነው፤ የራሱ ጸሎት ቤት አለው፤ ያሠራውም ሰባኪውን የሚያኖረውም ከኪሱ ነው። እነዚህን ሰዎች ሃይማኖት የጠሉ አድርጎ የሚያወራ ሰው ያናድደኛል። ለእግዚአብሔር መስጠት አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ደጁን ለማይረግጡት ቤተ ክርስቲያን ተገደው መክፈል ነው።

በ1886 በመጀመሪያ የጠየቁት «ቀንሱልን» ብለው ነበር። እምቢ ሲባሉ አንከፍልም አሉ። ያልከፈለ ከብቱ ይያዝና በሐራጅ ይሸጣል። እስቲ ቀኑን አስቡት። ሐራጅ የሚያጫርተው ሰው ከፖሊስ ጋር ሲመጣ ከኮረብታው ቀንድ ይነፋል። የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ ቆርቆሮ ይደበደባል፤ እንቁላል ይወረወራል። ሰውየው ዋጋ ሲጠራ ድምፁ አይሰማም፤ ቢሰማም የጎረቤቱን ላም የሚገዛ ማን አለ? በ1887 ላንጉም በምትባል መንደር አጫራቹንና አብረውት የመጡትን ሁለተኛ አንመጣም ብለው እንዲፈርሙ አደረጓቸው፤ ኮታቸውንም ገልብጠው አስለብሰው ሸኟቸው።

ሁሉም ግን እንዲህ በሳቅ አላለፈም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሞክድሬ ላይ ከፖሊስ ጋር በተነሳው ግጭት ከ80 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ ፖሊሶችም አሉባቸው። ወታደርም ታዘዘ። ዴንቢ ከተማ ላይ ቶማስ ጂ የሚባል አሳታሚ በዌልስኛ ጋዜጣው የገበሬውን አቤቱታ ሲያሰማ ቆየ። ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅም በወጣትነቱ ፀረ አሥራት ቅስቀሳ ውስጥ ነበረበት።

መንግሥት በ1891 ሕግ አወጣ፤ አሥራቱን ባለመሬቱ ይክፈል አለ። ይህ ከበሬው ላይ ቀንበሩን አውርዶ በኪራይ በኩል መልሶ እንደ መጫን ነው፤ ባለመሬቱ ኪራዩ ላይ መደመር ይችላልና። ያም ሆኖ ከብት ሊነዳ ወደ ተከራዩ ገበሬ ደጅ የሚመጣው ሰው ቀረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዌልስ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗ ያበቃው በ1920 ነው።

በ1936 አሥራቱ በሕግ ተሽሮ ለመንግሥት በሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ ተተካ፤ የዚያም ጭራ የተቆረጠው በ1977 ነው። ያን ጊዜ ከእኛ አንዳንዶቻችን ተወልደን ነበር። አመሰግናለሁ።