ጨዋታው ይቅር ከማለታችሁ በፊት ሯጩን ጠይቁት

እንደምን አመሻችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ ወላጆች፣ እናንተም ልጆቼ። ዋንጫውን ስጥና ሁለት ቃል ተናገር ነው የተባልኩት፣ እኔን ግን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር አልወርድም።

ህዳር 9 ቀን 2012ን ታስታውሳላችሁ አይደል? ከዚያ አምስት ወር በፊት ሰኔ 15 እዚችው ከተማችን ላይ የክልላችን ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸውና ባልደረቦቻቸው ተገድለው፣ ሰው ሁሉ ደንግጦ፣ አመሻሽ ላይ ባጃጅ ማግኘት ራሱ ጭንቅ ሆኖብን ነበር። አይቮሪኮስት ባህር ዳር መጥታ ልትጫወት ነው ሲባል ስንቱ "ኧረ ይቅር" አለ፣ እውነቱን ልንገራችሁ እኔም ብያለሁ። ሄድኩ ግን። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ተቀምጠዋል፣ ከሰኔ ወዲህ ከቤተክርስቲያን ሌላ የትም ወጥቼ አላውቅም አሉኝ፣ ልጃቸው ነው ጎትቶ ያመጣቸው። ጎሉ ሲገባ አንገቴን አንቀው ያለቅሳሉ! ለጎሉ ይሁን ለሌላው አልጠየቅኳቸውም፣ እኔም አልቅሻለሁና። 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ያን ማታ እስከ ጣና ዳር ድረስ በእግራችን እየጨፈርን ነው የሄድነው፣ የፈራ ሰው አላየሁም።

ታዲያ ይሰረዝ ሲባል የሚከፍለው ማነው? በ1968 የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ ተጫወተች ብለው ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወጡ፣ የኛው ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ ተመለሰ። ምክንያቱ የሚያኮራ ነው፣ አልክድም፣ ኒውዚላንድ ግን ተወዳድራ በ1500 ሜትር ወርቅ ይዛ ገባች እኮ! ምሩጽ አራት አመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ 5ሺውንም 10ሺውንም ጠቀለለ። በላይነህ ዲንሳሞን ደግሞ እዩት፣ በ1980 ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ ማራቶኑን በ2፡06፡50 ገብቶ የአለም ሪከርድ ሰበረ፣ ከወራት በኋላ የሴኡል ኦሎምፒክ ሲደርስ መንግስት ለሰሜን ኮሪያ አጋርነት ብሎ አስቀረው። ሪከርዱ 10 አመት ቆየ፣ ሴኡል ግን አለፈው። ማን ጠየቀው? አንድ ሰው እንኳ አንተስ ምን ትላለህ ብሎታል? ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወስኖ እግሩ የደማው ከሰረ!

አስከሬን ሳይነሳ ኳስ ይጠለዝ እያልኩ አይደለም። ሜክሲኮ አገር ተማሪዎች አደባባይ ላይ በጥይት በተረሸኑ በ10ኛው ቀን ኦሎምፒኩ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ፣ ይሄ ነውር ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈልን እዚያ ነው፣ የሱ ወርቅ ንጹህ ነው፣ ነውሩ የከፈቱት ሰዎች ነው። ሰው እየሞተ ከሆነ ይራዘም፣ ይለቀስ፣ ከዚያ ይጫወቱ። ይራዘም ነው ያልኩት፣ ይሰረዝ አላልኩም!

የኛ ስታዲየም በ2014 በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በካፍ፣ የታገደው በደረጃው ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ግን ግብጽን 2 ለ 0 የረታነው ማላዊ ላይ ነው፣ አባይ ከጓሯችን እየወጣ እኛ በቲቪ አየን፣ እሱ እስካሁን ያቃጥለኛል።

በሉ አምበሎች ወደፊት ኑ፣ ልጆቹ ላባቸው ደርቆ ብርድ ሊመታቸው ነው።