ጨነቅ ላይ ሞቆ ማደር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ብርድ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት በታኅሣሥና በጥር፣ የሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ተክሎ ስለማደር። ከካምፕ ቦታዎቹ ሳንቃበር 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፤ ግጭና ጨነቅ 3,600 ገደማ ይደርሳሉ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ደባርቅ ላይ የበቃ ጃኬት እዚያ አይበቃም።

ለብርድ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የሚደርበውን ነው። ጋቢ፣ በላዩ ሌላ ጋቢ። እኔ ግን መጀመሪያ ከሥር እላለሁ። ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ገብተን የምንተኛበት የመኝታ ከረጢት፣ ሙቀት አይሠራም፤ በውስጡ በያዘው አየር የእናንተን ሙቀት ያቆያል እንጂ። ስትተኙበት ከጀርባችሁ በታች ያለው ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል። ያኔ ከመሬቱ የሚለያችሁ ፍራሹ ብቻ ነው። ፍራሽ ስትገዙ አር ቫልዩ የሚባለውን፣ ሙቀት ወደ መሬት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከለክል የሚያሳየውን ቁጥር እዩ፤ ለጨነቅ ከ4 ባያንስ ጥሩ ነው። የምትከራዩት ተራ ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይመጥጣል፤ ከሥሩ ፕላስቲክ ሸራ፣ በሸራው ላይ ባዶ ማዳበሪያ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ አንጥፉ።

ስሊፒንግ ባጉ ላይ ኮምፎርትና ሊሚት የሚሉ ሁለት የሙቀት ዲግሪ ቁጥሮች አሉ። ኮምፎርቱን እመኑ፤ ተመችቶ የሚታደርበት ነው። ሊሚት ማለት ኩርምት ብሎ የሚታደርበት ነው።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። በዳገቱ ላብ የራሰውን ሸሚዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀይሩት፤ ብርዱ ከገባ በኋላ ማውለቁ ይከብዳል። ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ካልሲ ለይታችሁ ያዙ። ጋቢ ድንቅ ልብስ ነው፤ ግን ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ሙቀታችሁን ይወስዳል። ደረቅ ከሆነ ከባጉ በላይ ጣል አድርጉት። ውስጥ ከጠቀጠቃችሁት ያንኑ አየር ይጨፈልቀዋል።

የድንኳኑን የአየር መውጫ አትዝጉ። እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ ግን ሲዘጋ ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። በዚሁ ምክንያት አፍና አፍንጫችሁ ከባጉ ውጭ ይሁኑ።

አሁን ወደ ትኩስ ውሃው ልምጣ፤ ከሁሉ የምወደው ዘዴ ነው። ከራት በኋላ አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ግድም ነው፤ ይህም ቢሆን የሃይላንድ ፕላስቲክን ያኮማትረዋል። ጠንካራ ኮዳ ያስፈልጋል። ፔርሙዝ ሙቀቱን ወደ ውጭ ስለማይለቅ ለዚህ አይሆንም። ክዳኑን አጥብቁ፣ ገልብጣችሁ ጨመቅ ነቅነቅ አድርጉት፤ አንዲት ጠብታ ከታየች ይቅር። ቆዳ እንዳያቃጥል ወፍራም ካልሲ አልብሱትና ከመተኛታችሁ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ባጉ ውስጥ አኑሩት። ስትገቡ በጭኖቻችሁ መሃል ያዙት፤ ትልልቆቹ የደም ሥሮች በዚያ ስለሚያልፉ ሙቀቱ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ሲነጋ ውሃው ያልቀዘቀዘ የቡና ውሃ ይሆናችኋል።

ከመኝታ በፊት ጭኮ ወይም በቅቤ የታሸ በሶ ብሉ፤ ቅባት ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ሌሊቱን ያግዛል። አረቄ ግን ይቅር። የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ ይባክናል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ያለቀ፣ ፍም ብቻ የቀረው፣ አመድ የለበሰውም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታቱንም ሰው የከፍታው ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል፣ የተኛውም ላይነቃ ይችላል። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ከደጅ ይሁን።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ባጉን ዚፑን ከፍታችሁ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ድንኳኑ ላይ አስጡት። ሌሊቱን ከሰውነታችሁ የወጣው እርጥበት ገብቶበታል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ብዙ ይረዳዋል። ከግጭ ስትነሡ እርጥቡን ጠቅልላችሁ በቅሎ ላይ ከጫናችሁት ግን፣ ጨነቅም የምትተኙት በዚያው እርጥበት ውስጥ ነው።