በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ካሳው በማን ላይ ነው?

ሰላም ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የምናወራው በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ከፎቅ ግንባታ የወደቀ ሰው አለ። ማሽን ጣቱን የቆረጠው አለ። ማን ያሳክመዋል? ማን ይክሰዋል?

ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ግን ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ድግስ እንሂድ።

አዎ፣ ድግስ! ልጃችሁን ልትድሩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል። እዚህ ሽንኩርት ይከተፋል፣ እዚያ ድንኳን ይተከላል፣ ጓሮ ደግሞ አንዱ ጎረቤት እንጨት ይፈልጣል። በመሃል መጥረቢያው ያመልጠውና እግሩን ይመታዋል። ምን ታደርጋላችሁ? «መጥረቢያውን እንዴት ብትይዘው ነው?» ብላችሁ ምርመራ ትጀምራላችሁ? በፍጹም! ደግፋችሁ ሐኪም ቤት ታደርሱታላችሁ። የመድኃኒቱን ትከፍላላችሁ። እስኪያገግም ቤቱ እየሄዳችሁ ትጠይቁታላችሁ። ለምን? ድግሱ የእናንተ ነዋ! እንጨቱ የሚፈለጠው ለእናንተ ወጥ ነው። እናንተ ባትደግሱ እሱም በዚያ ሰዓት መጥረቢያ አያነሳም ነበር።

አሁን ፋብሪካውን፣ ግንባታውን፣ ጋራዡን እንደ ድግስ ቁጠሩት። ደጋሹ አሠሪው ነው። ትርፉ የእሱ ከሆነ አደጋውም የእሱ ነው። አዋጁ የሚለው ይህንኑ ነው፦ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ጥፋት ባይኖርበትም! ደግሜ ልበለው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ጥፋት ካለበት ደግሞ ሠራተኛው ከዚህ በተጨማሪ በሌላው ሕግ ካሳ መጠየቅ ይችላል።

ወደ ገንዘቡ እንግባ፣ ቶሎ ቶሎ እላለሁ። ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። ሆስፒታል፣ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ እግር። ደመወዝ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉው፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው መጀመሪያ 8,000፣ ቀጥሎ 6,000፣ ከዚያ 4,000 ማለት ነው። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ካሳው አሠሪው ከገባው ኢንሹራንስ ወይም ከጡረታው ይመጣል። ሠራተኛው በጡረታም ካልተሸፈነ አሠሪው ራሱ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሰው የ5 ዓመት ደመወዝ፣ ማለትም ለዚያው ሰው 480,000 ብር። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ካለ 192,000 ብር ይሆናል።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ግን አንድ ሐሳብ ደጋግሞ መጣ። «የራሱ ግድየለሽነት ነው፣ ካሳ አይገባውም» የሚል። ይሄ ነገር ብዙ ቤት እያፈረሰ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። አዋጁ ሆን ብሎ ራስን እንደመጉዳት ቆጥሮ በተለይ የሚጠቅሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ። ሁለተኛው፣ ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት። በቃ። መዘናጋት እዚህ ውስጥ የለም። ድካም የለም። እጅ ማዳለጥ የለም። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲሸከም የዋለ ሰው ቢደናቀፍ ይሄ ሥራው ያመጣው አደጋ ነው እንጂ ወንጀል አይደለም!

«ሄልሜት አላደረገም» ለሚሉም መልስ አለኝ። መጀመሪያ ሄልሜቱን ሰጣችሁት? መከላከያ ማቅረብም፣ አጠቃቀሙን ማስተማርም የአሠሪው ግዴታ ነው። ያልተሰጠው ሄልሜት፣ ያልተነገረው መመሪያ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ፎርማኑ «ውጣ!» ስላለው ያለ ቀበቶ የወጣውን ልጅ ጥፋተኛ ማድረግ እኔ ግፍ ነው የምለው።

«ቀን ሠራተኛ ነኝ፣ የተጻፈ ውል የለኝም» ያላችሁም ብዙ ናችሁ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። «ጉዳት ቢደርስብኝ አልጠይቅም» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነም አትደንግጡ። ውል ሕጉ ከሰጣችሁ በታች ሊያወርዳችሁ አይችልም። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስ አደጋም የሥራ አደጋ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ እባካችሁ ቪዲዮውን ላኩላቸው።

አደጋ ሲደርስ ቶሎ ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውንም ያዙ። ያየ ሰው ስልክ ተቀበሉ። የሐኪም ቤት ካርድና ደረሰኝ አትጣሉ። አቅራቢያችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። ብቻ 1 ዓመት ካለፈ ይርጋ ይመጣባችኋል፣ ማለትም ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አትችሉም። «በሽምግልና እንጨርሰዋለን» እየተባለ ዓመቱ ያለፈባቸው አሉ። ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑን ቁጠሩ።

የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ይሄ አዋጅ እነሱን አይሸፍንም። ለእነሱ የተለየ ደንብ ይወጣል ነው የሚለው። በፈላ ዘይት የተቃጠለች ልጅ ከፋብሪካ ሠራተኛ ያነሰ ጥበቃ የሚኖራት ለምንድን ነው? እኔ አይዋጥልኝም። የሚቀጥለው ቪዲዮ ሙሉው ስለ እነሱ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ጥያቄያችሁን ከሥር ጻፉልኝ።